ሰባት ቤት ለማን ይቆጠራል?

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ምራቋን ለዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ልካ ያልታሰበ ዘመድ መጣባት። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከመከልከሉ በፊት ከወጡት ሕፃናት አንዷ ናት። ሁለቱ የሚጋሩት 12 ከመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የእህትማማች ወይም የወንድማማች ልጆች ልክ ነው። ልጅቷ «የዘር ሐረጋችሁን ላኩልኝ» አለች።

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ ቆቦ ያለሁት እኔ ነኛ! ፈረንጅ አንዱን የቤተሰብ ስም ይዞ መዝገብ ያገላብጣል። የእኛ ስም ግን ከአያት አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያለው በሽማግሌ አፍ ነው። ደግነቱ አያቴ ለዚህ ማን ብሏት! ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስትም የሚጠየቀው በዚሁ ቆጠራ ነበር። የሚያስቸግራት የ1977ቱ ድርቅ ነው። በሠፈራ ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ የሄዱት ጋ ስትደርስ «እሱስ እንጃ፣ ወጥቶ ቀረ» ትላለች።

ሙታኑን ሁሉ አስጻፈችኝ። የገዛ ልጆቿ ጋ ስትደርስ ግን እጄን ያዘች።

«የሞተው ይሂድ። በሕይወት ያለው ግን ራሱ ይጠየቅ፤ ምን ደብቆ እንደሚኖር በምን ታውቃለህ?»

ልጅቷም እናቷን ነው የምትፈልገው፤ እውነቷን ነው። አያቴም እውነቷን ነው። ስለዚህ የሙታኑን ሐረግ ላክሁና ለአክስቶቼና ለአጎቶቼ መደወል ጀመርሁ። ከአምስቱ አራቱ «ይሁን፣ ላክ» ብለዋል። አንዷ አክስቴ ጉዳዩን ከሰማች ወዲህ ስልኬን አታነሳም። የእሷን ስም አልላክሁም።