ውሃ ልክ በጣና ዳር

ባሕር ዳር ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ጣና ነው። በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከእርሱ የሚወጣውን ዓባይን በከተማዋ ውስጥ የሚያሻግረው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይም በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ እነዚህ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ከሐይቁ ዳር የምናወጋችሁ ግን አብዛኛው መንገደኛ ሳያስተውለው ስለሚያልፈው አንድ ተራ ነገር ነው፦ በአንድ ጎኗ ስላጋደለች መኪና።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ታንኳውን እንመልከት። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ታንኳ ላይ ማገዶ ወይም እህል ሲጫን ጫኚው ሸክሙን ወዲያና ወዲህ እያደላደለ ነው። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ከበዛ ውሃው ወዲያውኑ ይናገራል። ግንበኛም ሥራው መዝመም አለመዝመሙን የሚያረጋግጥበትን መሣሪያ «ውሃ ልክ» ብሎ መጥራቱ በከንቱ አይደለም፤ ውሃ አያዳላም። መንገድ ግን ያዳላል። መኪና በተዳፋት ላይ ቆማ ቀጥ ያለች ትመስላለች፤ ደህናዋም በመንገድ ጠርዝ ላይ ስትቆም የታመመች ትመስላለች።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት በሐሙሲት በኩል አልፎ ወረታ ያደርሳል። በግራ በኩል እስከ ሐይቁ ድረስ የተንጣለለው ሩዝ በሰፊው የሚመረትበት የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። አፈሩ ጥቁር መረሬ በመሆኑ ዝናብ ሲጠግብ ጎማ ይውጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ የጎማው ዱካ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚገቡ መኪኖች ብዙውን ጊዜ አንዱ ጎማቸው በጉድጓድ፣ ሌላው በጉብታ ላይ ሆኖ ይጓዛሉ። ይህን ሁሉ ምት የሚቀበለው ባሌስትራው ነው።

በባሕር ዳር ከሚገኙት ጋራዦች በአንዱ ያየናት ላንድ ክሩዘር ከዚሁ መንገድ የመጣች ነበረች። አራቱም እግሮቿ በባሌስትራ የሚቆሙ፣ የቀድሞ ሥሪት ናት። ቶዮታ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የፊቱን ባሌስትራ በጥቅልል ሞላ የተካው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ሲሆኑ፣ መኪናዋ የሩዝ ጆንያና ሰው እያመላለሰች ቤተሰቡን የምታስተዳድር ነበረች።

«ልጄ፣ በሾፌሩ በኩል ፊቷ ወድቋል። ሁለት የፊት ባሌስትራ ግዛ ብለውኛል። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ነው» አሉት መካኒኩን።

«ሐጂ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ከኪስዎ አያውጡት። መጀመሪያ እንለካ» ሲል መለሰላቸው።

መካኒኩ በቅድሚያ መኪናዋን ከመንገዱ ጠርዝ አስነሣት። መንገድ የዝናብ ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ እዚያ ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው መንገዱን እንጂ መኪናዋን አይለካም። ግንበኞች ውሃ ሞልተው በሚጠቀሙበት ግልጽ ቱቦ የጋራዡን ሲሚንቶ ወለል ደረጃ አረጋገጠ። ጭነቱ እንዲወርድ አደረገ። የአራቱ ጎማዎች ቁጥር አንድ መሆኑን ተመለከተ፤ የግራና የቀኙን የአየር ልክም አስተካከለ።

ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ጎማ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፈ። የፊት ግራ 48፣ የፊት ቀኝ 51፣ የኋላ ግራ 53፣ የኋላ ቀኝ 57 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከመሬት ያልለካበት ምክንያት የጎማ ማለቅ ወይም የአየር ማነስ ሒሳቡን እንዳያዛባው ነው። ፓራፋንጎም ተጋጭቶ የተጣመመ፣ ወይም ቦዲውን ከሻንሲው የሚለየው ጎማ ረግቦ የወረደ ሊሆን ስለሚችል ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ደግሞ ለካ። ልዩነቱ እዚያም ላይ ተገኘ። በመሆኑም ችግሩ ከቦዲው ሳይሆን ከእግሮቹ መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር እጅግ ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አግዶ፣ ከሻንሲው የኋላ አግዳሚ ብረት ሥር ልክ መሃሉ ላይ ክሪክ አስገብቶ የኋላ ባሌስትራዎቹ ሸክም እስኪለቁ ድረስ አነሣት። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ ሳለች ማንም ከሥሯ እንዲገባ አልፈቀደም። አሁን የኋላው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይገፋም። በዚህ ጊዜ የፊቱ እንዳጋደለ ቢቀር ኖሮ ጥፋቱ የፊቱ በሆነ ነበር። ነገር ግን የፊት ግራና ቀኝ እኩል ሆኑ።

«አዩ ሐጂ፣ የፊቱ ጤነኛ ነው። የኋላው ገፍቶት ነው የወደቀው።»

የብረት መደገፊያዎቹን አስገብቶ የኋላ ባሌስትራዎቹን ከጭቃ ካጸዳ በኋላ ቅጠሎቹን ሲቆጥር ቀኙ ከግራው በአንድ ቅጠል በልጦ ተገኘ። ሐጂ መኪናዋን ከመግዛታቸው በፊት አንድ ሰው ቀኙን ለማጠንከር ብሎ የጨመረው ነው። ነገሩን በአልጋ መመሰል ይቻላል። ከአልጋ አራት እግሮች በአንዱ ሥር ድንጋይ ቢደረግ ዝቅ የሚለው በሰያፍ ያለው ማዕዘን ነው። ዓይን የሚያየው የወደቀውን ነው፤ ምክንያቱ ግን ከፍ ያለው ዘንድ ተቀምጧል።

ትርፉ ቅጠል ወጣ፤ የመሃሉ ብሎን በአዲስ ተተካ፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ጠበቁ። እንደገና ሲለካ በግራና በቀኝ መካከል የቀረው ልዩነት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ነበር፤ ይህን ያህሉ የሚያሳስብ አይደለም። ሐጂ የከፈሉት የእጅና የብሎን ዋጋ ብቻ ሲሆን የልጆቹ ገንዘብ ከኪሳቸው አልወጣም። «ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን እንዳጠብቃቸው ይመለሱ» አላቸው። «ኢንሻአላህ» ብለው ተሰናበቱት።

እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይኸው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከቅጠሎቹ አንዱ ከማሰሪያው ሥር ተሰብሮ በጭቃ ተሸፍኖ ይገኛል። የመሃሉ ብሎን ከተቆረጠ ደግሞ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ በመለካት ይህን ማወቅ ይቻላል። ቅባት አጥቶ የደረቀ የባሌስትራ ፐርኖም እንቅስቃሴውን ይይዘዋል። አሞርዛተር ግን የመኪና ንዝረት ማብረጃ እንጂ ሸክም ተሸካሚ አይደለም፤ ስለዚህ ላጋደለች መኪና አሞርዛተር መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጥርጣሬ ቢቀር የግራውንና የቀኙን ባሌስትራ ማለዋወጥ ነው። ማጋደሉ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የባሌስትራው፣ ባለበት ከቀረ ደግሞ የሻንሲው ወይም የመያዣው ነው። የተሰበረን ቅጠል መበየድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እሳቱ የብረቱን ቅጥቀጣ ያጠፋዋልና።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ሲጓዝ የሚገጥመውን የዓባይ በረሃ ያስብ። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኃይል የሚመጥነው መሣሪያ በሻንሲና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እያየ ይሠራል። የኋላው ያለ ጭነት ከወረደ መሣሪያው መኪናዋ የተጫነች ይመስለውና ከልክ ያለፈ ፍሬን ወደ ኋላ ይልካል፤ ያኔ የኋላ ጎማዎች በድንገት ሊቆለፉ ይችላሉ። በአንድ ጎኗ ያጋደለች መኪና ላይ ጭነት ሲታከል ደግሞ ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ከኋላ የተቀመጡት እናቶችና ልጆች ይህን ሁሉ አያውቁም፤ አምነው ነው የተሳፈሩት።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይም የአባታችሁን መኪና የምትነዱ ወጣቶች፣ መኪናዋ ደህና ሳለች ደልዳላ ስፍራ ላይ አቁማችሁ አራቱን ማዕዘኖች ለክታችሁ በደብተር ላይ ጻፉ። ከክረምት በፊትና በኋላ እንደገና ለኩ። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጠመኔና የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ማጋደል ሲታይ ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ያን ደብተር ይዛችሁ ወደ መካኒኩ ሂዱ፤ «ይህን ቀይርልኝ» ከማለትም «የት ማዕዘን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁት።