የመጨረሻይቱ ጠገራ

እናቲቱ ባረፉ በዓመቱ፣ ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ፣ ጎንደር የምትኖረው የመጀመሪያ ልጃቸው የሟቿን ሣጥን ከፈተች። ከነጠላዎቹና ከአሮጌው መቀነት ሥር በጥቁር ጨርቅ የተቋጠረ አንድ ነገር በእጇ ገባ። ቋጠሮውን ሳትፈታው ምንነቱን ዐወቀች፤ ክብደቱ ነግሯታልና። አንዲት ጠገራ ብር ነበረች።

ጠገራ ለዚያ ቤት እንግዳ አይደለም። በአንዱ ፊቱ የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የባልቴት መሸፈኛዋን ተከናንባ ትታያለች፤ በሌላው ፊቱ ባለሁለት ራስ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ይገኛል። ንግሥቲቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ፣ ከሞተችም በኋላ ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖሯል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ከገባም በኋላ በቅሎና ቡና ሲሸጥበት፣ ጥሎሽ ሲጣልበት፣ ዳኛ ካሣ ሲቈርጥበት ቈይቷል። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ ገበሬውና ነጋዴው ይህችን የተከናነበች ሴት በቀላሉ አልተዋትም፤ በትከሻዋ ያለው ጌጥ ነጥቡ ጐልቶ መታየቱን ሳያረጋግጥ የማይቀበል ብዙ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ የጠገራ ገንዘብነት አበቃ። ገንዘብነቱ ቢያበቃም ብርነቱ አላበቃም። እንዲያውም የአንጥረኞች ወናፍ ዋነኛ ሲሳይ እሱ ነበር፤ በየቤቱ ያለው መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦና አምባር አብዛኛው አንድ ጊዜ ጠገራ የነበረ ነው።

እናቲቱ ከወላጅ እናታቸው የወረሱት ሰባት ጠገራ ነበር። ባለቤታቸው በሞቱባቸው ጊዜ የቀረላቸው ጥሪት ይኸው ነው። አንደኛው ተሽጦ ወንድ ልጃቸው ትምህርት ቤት ገባ፤ ደብተሩም፣ ጫማውም፣ የመጀመሪያው ዓመት ቀለቡም ከዚያ ወጣ። ሁለተኛው የባላቸው ተዝካር ሆነ። ሦስተኛው የጣሪያ ቈርቈሮ፣ አራተኛው የላም ዋጋ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ደግሞ የሕመምና የችግር ቀን መሻገሪያ ሆነው አለቁ። ሰባተኛይቱ ብቻ ተረፈች። ለምን እንዳስተረፏት እናቲቱ ለማንም አልተናገሩም።

ነገር ግን ልጅቱ አንድ ቃል ታስታውሳለች። የራሷ ልጅ ገና ሕፃን ሳለች ጆሮዋን በመርፌ የበሷት እኚሁ አያት ናቸው። ሕፃኗ ስታለቅስ፣ በቀዳዳው ክር እያሰሩ፣ «ዝም በዪ የኔ ዓለም፤ ለሠርግሽ ጉትቻውን የማደርግልሽ እኔ ነኝ» ብለዋታል። ያቺ ሕፃን አሁን ለዐቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ሠርጓም ከፋሲካ በኋላ ተቈርጧል። የአያቲቱም ቃል እንደ ዕዳ ከጠገራዋ ጋር አብሮ በጨርቅ ተቋጥሮ ቈይቶ ነበር።

ልጅቱ ሐሳቧን ለወንድሟ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። ወንድሟ ዕድሜውን በመምህርነት ያሳለፈ፣ ነገርን በለሆሳስ የሚናገር ሰው ነው።

«እትዬ፣ ከቀለጠች በኋላ ምኗን ነው ከእማዬ የመጣ የምንለው? ብር እንደሆነ ሁሉም ብር ነው። ይህችን ጠገራ ግን እማዬ በእጇ ይዛታለች፣ አያታችን በእጇ ይዛታለች። ጉትቻውን እኔ እገዛለሁ፤ ተያት።»

አነጋገሩ የስስት አልነበረም፤ እኅቱም ይህን ስለምታውቅ መልሱ ከበዳት። ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ፣ «አንተ ብትገዛው ያንተ ስጦታ ይሆናል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የሷ ቃል ግን አይሆንም» አለችው። ቀጥላም፣ «ስድስቱን እኮ እማዬ ለማየት አላስቀመጠቻቸውም» አለች። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ልታነሣበት አልወደደችም። እሱም ሳይነገረው ዐወቀው፤ አቀርቅሮ ቀረ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳለው አንጥረኛ ዘንድ ስትሄድ ወንድሟ ሳትጠራው ተከተላት። ሽማግሌው አንጥረኛ ጠገራዋን ተቀብለው በሚዛን አኖሯት። ሲመታ ከ28 ግራም በጥቂት ይበልጥ የነበረው ክብደቷ፣ በዘመንና በእጅ ብዛት ተፍቆ 27 ግራም ተኩል ሆኗል።

«ይህ ብር ንጹሕ አይደለም፤ ከሺው እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መዳቡ ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ቀጭን ክር አድርጌ ልጐትተው ብል ቶሎ ይደርቅብኝና ይሰነጠቃል። እያጋልሁ እያለዘብሁ፣ ወፈር ያለ ሥራ እሠራበታለሁ። ለሁለት ጉትቻ 12 ግራም ይበቃል። እናንተም ከዚህ ተቀመጡ። ብር በሚቀልጥበት ቦታ ባለቤቱ መቀመጥ አለበት፤ ኋላ ተለወጠብኝ እንዳይል።»

ከሰሉን አቀጣጥለው ወናፉን ከመንካታቸው በፊት ግን ቀና ብለው እኅትና ወንድሙን ተመለከቱ። «የቀለጠ አይመለስም። ልባችሁ ቈርጧል?» አሉ።

እኅትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱም ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና አንድ ቅጠል ገነጠለ። «አባቴ፣ አንድ ጊዜ ይስጡኝ» ብሎ ጠገራዋን ተቀበለ። ወረቀቱን በላይዋ አልብሶ፣ ተማሪ ቤት ልጆች በሳንቲም ላይ እንደሚያደርጉት፣ እርሳሱን አጋድሞ ይፈገፍግ ጀመር። በመጀመሪያ የጠርዙ ክብ፣ ቀጥሎ ፊደላቱ፣ በመጨረሻም የተከናነበችው ባልቴት ፊት ከወረቀቱ ላይ ወጣ። ገልብጦም ንስሩን አተመ። ከዚያ በኋላ ጠገራዋን በገዛ እጁ ለሽማግሌው መለሰ።

ጠገራዋ በማቅለጫው ውስጥ መጀመሪያ ጠቈረች፤ ቀጥሎ እንደ ፍም ቀላች። ከዳር ጀምራ ስትለሰልስ በጠርዟ ዙሪያ ተጽፎ የነበረው «በፍትሕና በምሕረት» የሚለው የላቲን ቃል ጠፋ። የንግሥቲቱም ፊት አንድ አፍታ እንደሚያንቀላፋ ሰው ጐበጥ ብሎ ታየና ሰመጠ። ወዲያው መላው ብር ተሰብስቦ እንደ መስተዋት የሚያበራ አንድ ጠብታ ሆነ። እኅትየው እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልታደርገው የሚገባትን እያደረገች መሆኑን ብታምንም፣ እናቷን ዳግመኛ የቀበረች ያህል ተሰምቷታል። ሁለቱም ስሜት እውነት ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ሥራው አራት ቀን ወሰደ። በእሳት የጠቈረው ብር በሎሚ ተቀቅሎ ሲነጣ፣ ጉትቻዎቹ ክብ፣ ዳራቸው በጥቃቅን የብር ፍሬ የተከበበ ሆነው ወጡ። ጥንዶቹ በሚዛን 12 ግራም፣ የተረፈው ድብልብል 15 ግራም ሆነ፤ ግማሽ ግራም ያህል በእሳትና በሞረድ ባክኗል። ሽማግሌው ሒሳቡን አንድ በአንድ አሳዩና የእጃቸውን ዋጋ በገንዘብ ተቀበሉ። ትርፉን ብር ለክፍያ እንዲወስዱ ስትጠይቃቸው እንቢ አሉ። «ያደራ ነው፤ ነገም ሌላ ሴት ልጅ ትወለድ ይሆናል» አሏት።

ሠርጉ ዕለት ሙሽራዪቱ እጇን ወደ ጆሮዋ እየሰደደች ጉትቻዎቹን ትዳስስ ነበር። «ከበዱሽ?» ብላ እናቷ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ይከብዳሉ» አለች ልጅቱ፣ «ግን አላወልቃቸውም።»

እንግዳው ከተበተነ በኋላ እኅትና ወንድም የእናታቸውን ሣጥን ለሁለት ከፈቱ። ባቄላ የምታህለውን የብር ድብልብል በዚያው ጥቁር ጨርቅ መልሰው ሊቋጥሩ ሲሉ ወንድምየው ያችን ወረቀት አውጥቶ አጠፋትና አብራ እንድትቋጠር ሰጠ። ቋጠሮውም እንደ ቀድሞው ከመቀነቱ ሥር ገባ።