ከድንጋይ ጥግ

ሰማዩ በጠራ ቀን ከሶፊ ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ርቆ የተጋደመ ሰማያዊ ተራራ ይታየዋል። ስሙ ጋራ ሙለታ ነው፤ በኦሮምኛ «የሚታየው ተራራ» እንደ ማለት። ልጅ ኢያሱ በግዞት የተቀመጡት በዚያ በኩል ስለ ነበር የታሪክ መጻሕፍት ያነሡታል። ለእኔ ግን ማሽላችን በፀሐይ ሲጠወልግ፣ ደመና ይዞ እንደ ሆነ ለማየት ዓይኔን የምልክበት ተራራ ነው።

ወደ ተራራው ሲቀርቡ ደኑ እየሳሳ፣ እያጠረ ሄዶ ከላይ ለቁጥቋጦና ለሣር ቦታውን ይለቃል። ዛፍ የሚያልቅበትን ይህን መስመር ፈጣሪ ያሰመረው ወሰን አድርገን እንቀበለዋለን፤ «ብርድ ነዋ!» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ የብርድ ወሰን አለ። ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በአልፕስም ሆነ በአንዲስ ተራሮች ዛፍ የሚያቆመው በእድገት ወራት የአየሩ አማካይ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚወርድበት ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የደረሰ ዛፍ ምግብ አጥቶ አይደለም የሚቀረው። ቅጠሉ በብርድም ቢሆን ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ የሚያቅተው ያንን ስኳር ወደ እንጨት፣ ወደ ሥርና ወደ አዲስ ቅጠል መለወጥ ነው። ጎተራው ሞልቶ እንጀራ የሚጋግር እንደ ጠፋበት ቤት ይሆናል።

በባሌ ተራሮች ግን አስታ፣ የአገሩ ሰው ሳቶ የሚለው፣ በሰነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ሳይቀር በድንጋይ ክምር መካከል በቅሎ ይገኛል። ጋራ ሙለታ ደግሞ ቁመቱ ወደ 3,400 ሜትር የሚጠጋ ነው። እንግዲህ አስታን ከዚህ ተራራ ራስ ላይ ብርድ ብቻውን ሊያባርረው አይችልም ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነበር በአንድ የጥር ወር ከግራዋ በኩል ወደ ላይ የወጣሁት። መንገድ የመሩኝ በዚያው ተራራ ላይ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አዛውንት ነበሩ። ሌሊቱ ውርጭ ጥሎ ነበርና ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ባዶው አፈር ላይ በረዶው እንደ መርፌ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት ሲረጋ እንዲህ ወደ ላይ እያደገ የአፈሩን ቆዳ ያነሣል፤ ረፋድ ላይ ሲቀልጥ መልሶ ይጥለዋል። ትልቅ ዛፍ ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። ሥሩ አንድ ስንዝር ያልሞላ ቡቃያ ግን በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ እየተነቀለ፣ በመጨረሻ ሥሩን ለፀሐይ ሰጥቶ ይደርቃል።

የአስታ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የበቀለበት ስፍራ ካልተቀበለው አለቀለት። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ቆየሁና ጣት የማይሞሉ ሦስት ቡቃያዎች አገኘሁ፤ ሦስቱም ከድንጋይ ጥግ።

«ኦቦ፣ ከድንጋይ አጠገብ ብቻ የሚበቅለው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሌላ ቦታም ይበቅላል፤ አይቆይም እንጂ» አሉኝ። «ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይሰጣል። እኛም ልጆች ሳለን ጀርባችንን ለእሱ ሰጥተን ነበር የምናድረው። ደግሞም ልጄ፣ ላም ድንጋይ ላይ አትረግጥም።»

ሊቃውንቱ በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን ወደ ክፍት ሰማይ ይበትናል፤ ድንጋዩ ከሰማዩ ግማሹን ሲጋርድለት የሚያጣው ያንሳል። ሲነጋም ውርጭ የያዘውን ቅጠል ድንገት የሚመታ ብርቱ ፀሐይ ጉዳቱ ከብርዱ አይተናነስም፤ በምሥራቅ በኩል ጥላ ያለው ቡቃያ ግን ቀስ ብሎ ይሞቃል። የጓሳ ሣር ጉብታም ይህንኑ ያደርጋል። የሚደንቀኝ ደግሞ ሌላው ነው፤ ቀን ቀን ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ ቡቃያ ትልቅ ዛፍ በማይቆምበት ከፍታ እንኳ ሊበቅል ይችላል። ፈተናው የሚመጣው ራሱን ከድንጋዩ በላይ ቀና አድርጎ ከነፋሱ ጋር ሲገናኝ ነው።

ብርድና ነፋስ ያተረፉትን ደግሞ እሳትና ከብት ይጠብቁታል። በባሌ እረኞች አስታውን የሚያቃጥሉት ለከብቶቻቸው ለጋ ግጦሽ ለማግኘት ነው። የቆየ አስታ ቢቃጠልም አፈር ውስጥ ካለው ያበጠ ጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ከዘር የበቀለ የሁለት ዓመት ቡቃያ ግን ጉቶ ገና አላበጀም። ስለዚህ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን ተራራ በአሮጌ ጉቶዎች ብቻ የሚኖር፣ ልጅ የማይወጣለት መንደር ሊሆን ይችላል። በሰነቴ ድንጋዮች መካከል የቀሩት አስታዎች እሳት ሊያቋርጠው፣ ከብትም ሊረግጠው በማይችለው ስፍራ መቆማቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ወደ ሶፊ ስመለስ የምተክልበትን ስፍራ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከተካዮቹ አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ እንተክላለን። መትከሉን አልነቅፍም። ነገር ግን ቆጠራው የሚካሄደው በሐምሌ ነው፤ ችግኙ የሚፈተነው ደግሞ በጥር። ሶፊ ውርጭ ባይኖርም ድርቅና ፍየል አሉ። ጎረቤቴ ጥቂት ይተክሉና በእያንዳንዱ ዙሪያ ድንጋይ ደርድረው እሾህ ያጥሩበታል። ስንት ተከሉ ተብለው ቢጠየቁ ቁጥራቸው ለሪፖርት የሚበቃ አይሆንም።

ከተራራው ስንወርድ ስለ ሰሜን ተራሮች አወራኋቸው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን፣ ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ እሳት ተነሥቶ የፓርኩን ብዙ ጓሳና አስታ መብላቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከብቶቻቸው የሚውሉበትን ገላጣ ሜዳ በበትራቸው አሳዩኝ።

«ቡቃያው እንዲያድግ ይህን ልተው። እሺ። ከብቶቹን ወዴት ልውሰድ?»

ከታች የተዳፋቱ ማሳ ሁሉ በጫትና በድንች ተይዞ ነበር። ደመናው ከኋላችን መጥቶ ሸፈነን፤ እሳቸውም ላሞቹን ለመሰብሰብ እያፏጩ ቀድመውኝ ወረዱ።