ኬላ ላይ የምትወልቅ ካሜራ

መቼስ ሞተረኛ ሁለት ጊዜ ነው የሚከስረው፤ አንዴ ሞተሩን ሲገዛ፣ አንዴ ደግሞ መንዳቱን ለሰው ለማሳየት ካሜራ ሲገዛ። እኛም አራት ሆነን ሁለተኛው ኪሳራ ላይ ደርሰናል። ሄልሜት ላይ የምትገጠም፣ የጉዟችንን ነገር የምትቀርጽ አንዲት ካሜራ ለመግዛት ማዋጣት ከጀመርን ቆየን። መዋጮው ካለቀ ሰነበተ… ያላለቀው ጭቅጭቁ ነው።

ዋጋውም ቢሆን እኛን ቁጭ ብሎ አልጠበቀንም። 350 ዶላር የምትሸጥ ካሜራ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ምንዛሪ ስትሰላ 20 ሺህ ብር ገደማ ነበረች። ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር ያቺው ካሜራ ያለ ቀረጥና ያለ ነጋዴ ትርፍ ከ35 ሺህ በላይ ሆነች። እንግዲህ በዚህ ገንዘብ «ሞክረን ካልወደድናት እንለውጣታለን» የሚባል ነገር የለም። የምንገዛው አንዴ ነው።

ስለዚህ እንደ ዘመኑ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተጥደን የባለሙያዎችን ምክር ስንሰማ ከረምን። አንዱ ውኃ ውስጥ ይዟት ይገባል፣ አንዱ በረዶ ላይ ይንሸራተትባታል፣ አንዱ ከአውሮፕላን ይዘላል። የካሜራዎቹ ታሪክም እንዲህ ያለ ነው። ጎፕሮ የሚባለውን ድርጅት የመሠረተው ኒክ ውድማን በባሕር ሞገድ ላይ የሚጫወት ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያዋ ካሜራም እጅ አንጓ ላይ የምትታሰር ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፎቶ ማንሻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፎ ካሜራዎቹ አራቀቁ፣ ምስሉ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ውኃው አልገባ አለ። ግን እናንተዬ! ከነዚህ ሁሉ ሞካሪዎች መካከል አንድ ሰው እንኳ ካሜራዋን ይዞ ኬላ ላይ ሲቆም አላየንም።

እኛ ደግሞ ቆመናል።

ጉዞው ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ የሚያደርስ ነበር። ካሜራዋ የውሰት፣ ስሟን የማንጠራት፣ ከኋላዋ ስክሪን የሌላት የድሮ ዕቃ ናት። መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ቀረጽን። ድልድዩ ጠባቂ ነበረው። ማታ ሶዶ አጠገብ ካለ መንደር የባለ ዲቲው ጓደኛችን አያት ቤት አደርን። (ባለ ዲቲው የምንለው የያማሃ ዲቲ ሞተር ስላለው ነው፤ ሞተሯ በዕድሜ ትበልጠዋለች።) ጠዋት ልንነሳ ስንል አያትየው ደጅ ወጥተው፣ የልጅ ልጃቸውን ሄልሜት በሁለት እጃቸው ይዘው በወላይትኛ ለረጅም ጊዜ መረቁን። ካሜራዋ ሄልሜቱ ላይ ስለነበረች እሳቸው የመረቁት በቀጥታ ሌንሷን እያዩ ነው። ፊታቸው ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ከኋላቸው የእንሰቱ ቅጠል፣ ከመሃል የማንሰማው ዶሮ… ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ምስል ቀርጸን አናውቅም።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ አንድ ኬላ ደረስን። የካሜራዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? እየቀረጻችሁ ነው?»

«አዎ አለቃ፣ ለማስታወሻ ነው።»

«ምን ምን ቀረጻችሁ?»

ባለ ዲቲው ውሸት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «መንገድ፣ ሰው፣ ድልድይ» አለ። ፖሊሱ ድልድዩ ይጥፋ አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ውኃ ሰጥቶናል። ድልድይ እንዳይቀረጽ ጠብቅ የተባለ ሰው ነው፣ ያንኑ አደረገ። ችግሩ የካሜራዋ ነው። የዚያን ጊዜዋ ካሜራ ማጥፊያዋ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ «የመጨረሻውን አጥፋ» ወይም «ሁሉንም አጥፋ»። ድልድዩ ደግሞ የትናንት ነው። ወደ ትናንት ለመድረስ ዛሬን መላጥ ነበረብን። አንድ በአንድ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ የጠዋቱን መንገድ አጠፋን፣ ከብቶቹን አጠፋን፣ ከዚያ አያትየውን አጠፋን፣ ከዚያ ድልድዩ መጣ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የጠፋ ፋይል እንመልሳለን ከሚሉት ሱቆች ወደ አንዱ ካርዷን ወሰድን። ሰባት ፋይል ተመለሰ። ስድስቱ አይከፈቱም፤ የሚከፈተው አስፋልት ነው። አያትየው ከአራት ወር በኋላ አረፉ።

ለዚህ ነው እንግዲህ ስለ ካሜራ ምርጫ ስናወራ የፒክስል ብዛት ሁለተኛ ነገር የሆነብን። ባለሙያዎቹ ከ4ኬ ጀምረው ይዘረዝራሉ። እኛ የምንጀምረው «ቶሎ ትወልቃለች ወይ?» ከሚለው ነው። ሞተረኛ ድሮም በዓይን የሚጠበቅ ሰው ነው። በተለይ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ሞተርን በፈቃድ ካደረገች ወዲህ ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ፊቱን የሸፈነ ሰው ሆኖ መታየት ጀምሯል። እዚያ ላይ ግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን ቢጨምር ምን ይባላል? ስለዚህ ኬላው ከመድረሱ መቶ ሜትር ቀደም ብሎ፣ ጓንት ሳናወልቅ፣ በአንድ እጅ ነቅለን ኪስ መክተት አለብን። በብሎን የምትታሰረዋ ለዚህ አትሆንም። በማግኔትና በመንጠቆ የሚያዙት ይሆናሉ። የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን ካሜራዎች ይህ አላቸው፤ ጎፕሮም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሂሮ 13 ላይ ማግኔታዊ መያዣ አምጥቷል።

ቀጥሎ መብራቷ ነው። ሱቅ ውስጥ «መብራቷን ማጥፋት ትችላላችሁ፣ ማንም አያውቅባችሁም» ተብለን ነበር። እኛ የምንፈልገው ግን እንዲታወቅብን ነው! ካሜራዋ ስትቀርጽ ቀይ፣ ስትቆም ጨለማ ሆና ከፊት ለፊት ያለ ሰው ማየት አለበት። ከፊቷ ስክሪን ያላት ካሜራ ብዙዎቹ የሚመርጧት ራሳቸውን ለማየት ነው። እኛ የወደድናት ፊት ለፊታችን የቆመው ሰው ጠፍታ እንዲያያት ነው።

በዚህ ምክንያት አንደኛችን በጣም የወደዳት ኢንስታ 360 ጎ 3 ወደቀች። ታምራለች፤ 35 ግራም ብቻ ናት፣ አውራ ጣት ታክላለች፣ ሄልሜት ላይ መኖሯም ይረሳል። ችግሩም ይኸው ነው። ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ቱሪስት ይባላል፤ ትንሽ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ… እሱን ለእናንተው እንተወዋለን።

ባለ ሁለት ሌንሶቹ፣ በዙሪያ 360 ዲግሪ የሚቀርጹት፣ ሌላ ጣጣ አላቸው። ኢንስታ 360 ኤክስ 4 ክብደቷ 200 ግራም ገደማ ነው፤ እሱን ትከሻችንና አንገታችን ይችለው ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ዶርዜ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ግን ጣጣው ይገባዋል። ከከተማው ከፍታ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ፣ እየተጠማዘዘ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። በየመታጠፊያው ሕፃናት መኪናና ሞተር ሲያዩ ወደ መንገዱ ዳር ወጥተው ይጨፍራሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ ሳንቲም ይጠይቃሉ። ካሜራ ያየ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። ቁልቁል በሚወርድ አይሱዙ መንገድ ላይ! ዙሪያውን የምትቀርጽ ካሜራ ልጁን ስትመጣም ቀርጻ፣ ካለፍክ በኋላም ከጀርባህ ትቀርጸዋለች። ከልጁ ጋር አላወራንም፣ እናቱን አልጠየቅንም፣ ግን ሙሉ ጭፈራውን ይዘን ሄድን ማለት ነው። አይሆንም አልን። ያንን ዳገት ካሜራ አጥፍተን ነው የምንወጣው። ዓባያና ጫሞን ከላይ ለማየት ቆመን ስንወርድ እንቀርጻለን። (ምክር ቢጤ፦ ዓባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል ከተዋችሁት «ሐይቅ እንዲህ አይሆንም» ብሎ ያደበዝዝባችኋል። ቀለሙን ለፀሐይ ብርሃን 5,500 ላይ አስራችሁት ሂዱ።)

«ስልካችን ምን አላት?» የሚል አለ፤ ከመካከላችንም ነበረ። መሪ ላይ ስልክ ማሰር አይመከርም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ማረጋጊያ ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ምክንያቱም የስልኩ ሌንስ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሄልሜት ካሜራዎች ግን ምስሉን የሚያረጋጉት ዳርና ዳሩን በስሌት እየቆረጡ ስለሆነ የሚሰበር ተንቀሳቃሽ ነገር የላቸውም። 4ኬ የሚጠቅመንም ለዚያ ነው፤ ተቆርጦም የሚተርፍ ይኖራል። ዞሮ ዞሮ ተመልካቻችን በቴሌግራም፣ በስልክ ስክሪን የሚያይ ነው።

የት ትገጠም? አናት ላይ የሚገጥሟት አሉ፤ ሰማይ ይበዛበታል፣ ንፋሱ አንገት ይጎትታል፣ የግራር ቅርንጫፍም አለ። ጎን ላይ ስትሆን ግማሹ ምስል ሄልሜት ይሆናል። የተሻለው አገጭ ነው፤ እጅንም መሪንም መንገድንም በአንድ ላይ ታያለች፣ ልክ እንደ ነጂው ዓይን። ነገር ግን አገጭ ላይ ለመግጠም አገጭ ያለው ሄልሜት ያስፈልጋል። ግማሽ ጭንቅላት የሚሸፍነውን አድርጎ ካሜራ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሙሉውን ሄልሜት ይግዛ፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም። ሄልሜት ክብ የሆነው ሲወድቁ አስፋልት ላይ እንዲንሸራተት ነው። የሚወጣ ነገር ሁሉ ሊያስይዝና አንገት ሊጠመዝዝ ይችላል። ስለዚህ በብሎን መብሳት አይነካም፤ በማጣበቂያ ብቻ፣ አደጋ ሲመጣ ካሜራዋ ቀድማ እንድትላቀቅ። ሄልሜቱን በአልኮል ጠርጎ፣ ለጥፎ፣ 24 ሰዓት ሳይነኩ ማሳደር ነው።

ስለ ድምፅ አናስረዝም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የምትሰሙት ንፋስ ብቻ ነው። ወይ ማይክ ሄልሜት ውስጥ አስገቡ፣ ወይ በኋላ ሙዚቃ ጨምሩ።

በመጨረሻ የመረጥናት ኦስሞ አክሽን 4 ናት። 145 ግራም፣ ፊትም ኋላም ስክሪን፣ በማግኔት የምትወልቅ፤ ቪዲዮ አንድ በአንድ መርጣችሁ የምታጠፉባት። ባለ ዲቲው ይቺን የመጨረሻዋን ሱቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞክሯታል፤ አንድ ቀርጾ፣ ሁለት ቀርጾ፣ ሦስት ቀርጾ፣ የመጀመሪያዋን ብቻ አጥፍቶ፣ ሌሎቹ መኖራቸውን አይቶ… ሻጩ ግራ ገባው። ከእሷ በኋላ የወጣችው አክሽን 5 ፕሮ 47 ጊጋባይት የራሷ ማስቀመጫ አላት ብለው ብዙዎች ያሞግሷታል። እኛ ግን ከካሜራዋ ውስጥ ነቅለን ኪሳችን የማንከተው ማስቀመጫ ምን ያደርግልናል? የዱባይ ዘመዳችን ያገለገለችውን አክሽን 4 ሊልክልን ተስማምቷል።

ካርድስ? በደህና ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ድረስ ይበላል፤ በዚህ ሂሳብ 256 ካርድ አንድ ገዝቶ መገላገል ነበር። እኛ ግን ባለ 64 ሁለት ገዝተናል። የእህታችንን የጥፍር ቀለም ተውሰን አንዷ ላይ «መ» ሌላዋ ላይ «ሰ» ጽፈንባቸዋል። «መ» መንገድ ናት፤ ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ትገባለች። «ሰ» ሰው ናት፤ የሰው ቤት ገብተን፣ ሄልሜት አውልቀን፣ ቡና እስኪፈላ ስንቀመጥ ብቻ ትገባለች፤ ስንወጣ ደግሞ ወደ ባለ ዲቲው የደረት ኪስ፣ መታወቂያው አጠገብ።