ቡሄ በሰው አገር ሰልፍ ውስጥ

በሰው አገር ለሚኖር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ሰብ ከአጽዋማት ሁሉ የሚያስቸግረው ዐቢይ ጾም ሳይሆን ፍልሰታ ነው ብንል የሚቃወመን ያለ አይመስለንም። ዐቢይ ጾም ረዥም ነውና ሰው አስቀድሞ ልቡን ያዘጋጅለታል። ፍልሰታ ግን የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን፥ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት፥ ልጆች ሁሉ ወደ ባሕር ዳርና ወደ መናፈሻ በሚጎርፉበት በበጋው እኩሌታ ነው። በጉለሌ ዝናምና ብርድ የለመድነው ጾም በካሊፎርኒያ ሐሩር ሲጾም ሌላ ጾም ይመስላል።

በሎስ አንጀለስ በኖርንባቸው ዓመታት የምግብ ችግር አልነበረብንም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በከተማው በተሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና እንጀራውም ሽሮውም በርበሬውም ይገኛል። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ስምንት ዓመት የሆነው ልጃችን በዚያ ዓመት ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጾም በዙሪያው ያሉት ባልንጀሮቹ ሁሉ የሚበሉ መሆናቸው ነው። በአገር ቤት ሕፃናት ፍልሰታን የሚጾሙት በመንጋ ነው። አንዱ ሌላውን እያየ፥ ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደ ቆየ እየተፎካከረ፥ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ እየቈረበ ይበረታል። በባዕድ አገር ግን ልጅ ብቻውን ነው።

በዚህ መካከል የአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ወላጆች ወደ ዲዝኒላንድ ሲሄዱ እርሱንና ታናሽ እኅቱን ይዘው ለመሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩን። ቀኑ ነሐሴ 13፥ የደብረ ታቦር በዓል ነበር። እኛ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ ብለን አሰብን፤ በስደት ያለ ወላጅ የያዘው ሁሉ የሚያመልጠው ስለሚመስለው ከአገር ቤት ወላጅ ይልቅ ይጠብቃልና። ከሽሮ ሜዳ መጥተው አብረውን የከረሙት እናታችን ግን አልተስማሙም። «ቡሄ የልጆች በዓል ነው። በበዓሉ ቀን በር ተዘግቶበት የዋለ ልጅ ጾሙን እንደ ወኅኒ ያየዋል፤ ከእመቤታችን ጾም ጋር አታጣሉት» አሉን። ቀጥለውም «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብለው ነገሩን ቈረጡት። የንስሐ አባታችን ልጁ እስከ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ይበቃዋል ብለው አስቀድመው ወስነውለት ስለ ነበር በዚያ በኩል ጭንቀት አልነበረብንም። እናታችን ሌሊቱን ሲያቦኩና ሲጋግሩ አድረው ሙልሙሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያዙ።

ይህ መናፈሻ ከሎስ አንጀለስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአናሃይም ከተማ የሚገኝ ነው። ዋልት ዲዝኒ 65 ሄክታር ያህል የብርቱካን እርሻ ገዝተው፥ ሥራውን በአንድ ዓመት ብቻ አስጨርሰው ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ከፈቱት። እናታችን ከመኪናው ወርደው ያንን የሕዝብ ጎርፍ ባዩ ጊዜ «የዛሬው ንግሥ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በእርግጥ እንዲያ ያለ ሕዝብ እኛ የምናውቀው በጥምቀት በጃን ሜዳ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነበር። በጃን ሜዳ ሕዝቡ ታቦታቱን ከብቦ በአንድ ፊት ይቆማል፤ እልልታውም ዝማሬውም የሁሉ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ደስታ ለብቻው ይጠብቃል። ሰልፉ በአጥር መካከል እንደ አንጀት ይተጣጠፋል፤ ደረስን ስንል ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰናል። በመግቢያው ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ የሚናገር ጽሑፍ አለ። ፈጣኑን ባቡር ለመሳፈር ቁመቱ 102 ሳንቲ ሜትር መሙላት አለበት፤ ትንሿ ልጃችን በእንጨቱ ሥር ቆማ ጥቂት ስለ ጎደላት ከአያትዋ ጋር ቀረች። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሚጋፋ የለም፤ የሚቈጣም አላየንም። ይህን ሥርዓታቸውን ሳናደንቅ ማለፍ አይገባም።

እናታችን የተሳፈሩት በአንዲት ጀልባ ብቻ ነው። የዓለም ሕዝቦችን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች በየቋንቋው አንድ ዜማ የሚዘምሩባት፥ በ1956 ዓ.ም. ለኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ተሠርታ በ1958 ዓ.ም. ወደዚህ የመጣችው ናት። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው «ዜማው መልካም ነበር፤ ግን አላረፈም» አሉ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የልጁ ጓደኛ እናት ለልጆች ሁሉ አይስ ክሬም ገዝተው መጡ። እኛ ዝም ብለን ልጁን አየን። ልጁም አመስግኖ እንደማይበላ ነገራቸው። ሴትዮዋ ወተት ያምመው እንደ ሆነ ጠየቁት። «አያምመኝም፤ እስከ ማርያም በዓል ነው» አለ። በእንግሊዝኛ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኛም አልነበረንም። ሴትዮዋ ሳይቀየሙ ሄደው በሎሚ የተሠራ በረዶ አመጡለት። እርሱም ተቀብሎ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ በእጁ ይዞ ቆመ፤ በረዶውም ቀልጦ ውሃ ሆነ፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ጠበል ጠጣው።

ከዚያ በኋላ እናታችን በሰልፉ መካከል ጨርቁን ፈቱ። ልጆቹ እጃቸውን ቢዘረጉ «ያለ ጭፈራ ሙልሙል የለም» አሉ። ልጁ አፈረ፤ ትንሿ ግን ሆያ ሆዬን ጀመረች። ጓደኛውም አንድ ቃል ሳይገባው ተቀባይ ሆነ፤ «ሆ» ማለት ቋንቋ አይጠይቅምና። በፊታችንና በኋላችን የነበሩ ልጆች ሲስቁ እናታችን ለእነርሱም ቈርሰው ሰጡ። አንዲት እናት ከልጅዋ እጅ ወስዳ በቦርሳዋ ከተተችው፤ ከማያውቁት ሰው ምግብ መቀበል በዚያ አገር ያስፈራልና አልፈረድንባትም። ሌሎቹ ግን በሉ። እናታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም።

አሁን ወደ ጉለሌ ተመልሰናል። እንጦጦም ከመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ መናፈሻ አለው፤ በበዓል ቀን ሰዉ ይበዛበታል። ያ አሜሪካዊ ጓደኛ ባለፈው ነሐሴ ለልጃችን መልእክት ልኮ ያ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር ጠየቀው። እናታችን ዱቄቱን የሚያውቁት በእፍኝ እንጂ በሚዛን አይደለም። ስለዚህ ልጁ ሚዛን ይዞ ከአጠገባቸው ቆሞ እያንዳንዱን እፍኝ እየመዘነ ጻፈለት።