ሳካ የሌለበት አርሰናል

ሰሞኑን ምን እንዳማረኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ፕሌይስቴሽን 5! አዎ፣ እኔው፣ የልጅ አባት የሆንኩት ሰውዬ።

ቤታችን ያለው አሮጌው ፕሌይስቴሽን 2 ነው፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ያቀረበው፣ ምርቱ መቆሙም በ2013 የተነገረው። ለሱ ከወጡት የፊፋ ጨዋታዎች የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው። እዚያ ውስጥ ሮናልዶ ዛሬም ለሪያል ማድሪድ ያገባል። አርሰናል ደግሞ ሳካ የለውም! ለአርሰናል ደጋፊ ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል።

ስለዚህ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ሰፈራችን ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይበራል። እዚያ ሳካ አለ። (ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙን ቢቀይርም ለሰፈር ልጅ ያው ፊፋ ነው።) በየጨዋታው ይከፈላል፣ ተሸናፊ ይነሳል፣ እስኪመሽ ተራ ይጠበቃል። ቤቱን አልጠላሁትም፤ እኔም ጓደኛ ያፈራሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ግን ድሮ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ሲያገባብኝ ትከሻዬን እየመታ ይስቅ ነበር። ስለ ትምህርቱ ስጠይቀው "ደህና ነው" ብቻ የሚለኝ ልጅ፣ ጆይስቲክ ሲይዝ የክፍሉን ወሬ ሁሉ ይዘከዝከዋል። ያጣሁት እሷን ሰዓት ነው።

ዋጋውን ጠይቄ መጣሁ። ለባለቤቴ ስነግራት፣ "ለማን ነው የሚገዛው?" አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።