የበር ጎማ

ጎማ ስላችሁ ከመኪና ሥር የሚሽከረከረው እንዳይመስላችሁ። እኔ የምለው በሩና ጣራው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚገባውን፣ እንደ እባብ ረዥሙን ነው። ሐምሌ እስኪገባ ድረስ ማንም ልብ አይለውም።

አባቴ በላዳ ታክሲ ይሠራል። የምናድረው ፈረንሣይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። በዚህ ከፍታ የበጋ ፀሐይ ጎማውን ይጠብሰዋል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ብስኩት ይሆናል። ደግሞ ባሕር ዛፉ አለ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ተራራውን ያለበሰው ዛፍ ቅጠሉን በላዳዋ ጣራ ዳርና ዳር ባለው አሸንዳ ላይ ይከምራል። አሸንዳው ሲደፈን ውኃው በሞተው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። (ባሕር ዛፉን አልወቅስም፤ እሱ ባይኖር ምን አንድደን እንበላ ነበር?)

ባለፈው ክረምት አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ከመገናኛ ተሳፈረች። ኮተቤ ሳይደርሱ ከራሷ በላይ ያለው ውኃ የሕፃኑ መጠቅለያ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አጥፋ ደረበችለት። አባቴ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ማታ እራቱን ሳይነካ «ለቁራሌው ነው የምሸጣት» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። እኔና ሦስት እኅቶቼ የተማርነው በዚያች ላዳ ነው። ደግሞስ በምን ይተካታል? መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ የኤሌክትሪኩን ዋጋ በእኛ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«ጣራው አፈሰሰ ተብሎ ቤት ይሸጣል?» ያለችው እናቴ ናት።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወርደን በሜትር የሚሸጥ ጎማ ገዛን። የጋራዥ ቋንቋ ይገርመኛል፤ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ባትላሜራ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ላዳ የሩሲያ ናት ትሉ ይሆናል። ግን እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት ስትጀምር በፊያት 124 ንድፍ ነበር፤ የተሠራችባት ከተማም በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም የተጠራች ናት። ቃላቱ ዘመዳቸውን ነው ያገኙት።

አሮጌው ጎማ ሲላቀቅ ሥሩ ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ተገኘ። አባቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ፀረ ዝገት ቀባው። እስኪደርቅ ሥራ የለም፤ የአንድ ቀን ገቢ ሄደ ማለት ነው። አዲሱን ከታች ጀምሮ አስገባው፤ መጋጠሚያው ጣራው በኩል ከዋለ ውኃ በር ያገኛልና። ጎማ ተስቦ ከገባ ደግሞ ከርሞ ይሰበሰብና ጫፍና ጫፉ ይለያያል። ስለዚህ እያላሉ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ የሳሙና ውኃ ይረዳል። ሲያበቃ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀዶ በሩን ዘጋበትና ወረቀቱን ሳበው። ወረቀቱ እንቢ ካለ ጎማው ይዟል። በሦስቱ በር እንቢ አለ፤ በኋለኛው ግራ ሹልክ ብሎ ወጣ። በሩ ራሱ ዘሞ ኖሯል፤ ማጠፊያው ተፈትቶ እንደገና ታሰረ።

ማታ ዝናቡ መጣ። አባቴ ወጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ ትከሻው ርሶ ነበር፤ ከመኪናዋ እስከ ቤት ባለው መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት የአሸንዳውን ቅጠል መጥረግ የእኔ ሥራ ሆኗል።